አራት ምልክት፣ ሦስት ሰው

ወረቀቱ ላይ የነበሩት ምልክቶች አራት ነበሩ። ሰዎቹ ግን ሦስት ናቸው። ይህን ልብ ያልኩት ከረፈደ በኋላ፣ ወረቀቱን በጥፍሬ ልጬ፣ ቦታውን አዛውሬ፣ መልሼ ከለጠፍኩት በኋላ ነው። የዱቄት ሙጫው ጣቴ ላይ መድረቅ ጀምሯል። ቆሜ ቆጠርኩ፤ አንድ ሁለተኛ፣ አንድ ሦስተኛ፣ አንድ አራተኛ፣ አንድ አምስተኛ። ታዲያ ክፍሉ ውስጥ የማትገባው አራተኛዋ ማናት? ያን ጊዜ ወረቀቱን ወደነበረበት ብመልሰው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር። ነገር ግን የውጭው በር ሲከፈት ሰማሁና በመስኮቱ ዘልዬ ወጣሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑም 1974 ዓ.ም.። አምቦ፣ ከሁሉቃ ወንዝ አለፍ ብሎ ባለው ሰፈር እንኖር ነበር። አባቴ ኤጄታ፣ ጌዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበር የሚመጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። እናቴ ድንቅቱ በጤና ጣቢያ ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፤ ሰፈሩ «ድሬሰሯ» ይላታል። ከኩሽናችን ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ የሚጋራውን የጓሮ ክፍል ለመምህር ረጋሳ አከራይተነው ነበር። ረጋሳ ከነቀምት ወገን የመጣ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲራመድ እንኳ ኮቴው የማይሰማ። ኮቴው የማይሰማ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ አምን ነበር። አሁንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም።

በክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ወንበር፣ የመጻሕፍት ካርቶንና ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ከኩሽናችን ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። በላዩ ክንድ ተኩል የሚያህል ረጅም የጣውላ ሣጥን ተጋድሟል። በሣጥኑ ላይ አንድ ሽቦ ብቻ ተወጥሯል። ክራር አይደለም፤ የክራር ክር ከአንድ ይበልጣል። የሽቦው ጫፍ ከጠረጴዛው ዳር ወርዶ ባዶውን ይንጠለጠላል። ከሽቦው ሥር ነጭ የወረቀት ስስ ቁራጭ ተለጥፎ፣ እኔ በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት የተማርኳቸው ዓይነት ክፍልፋዮች ተጽፈውበታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። አንዱ ሙለታ ነው፤ የቀበሌው ሱቅ ጆንያ ተሸካሚ፣ በራችን ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው። ሁልጊዜ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ብብቱ ሥር ይዞ ይመጣል። ሌላዋ ቦጋለች ናት፤ ገበያ ላይ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ ሴት። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ግን አፏ እንኳ ያርፋል። እናቴ አብራ አትገባም። ሱሪ የለበሰ ወንደላጤ ክፍል ውስጥ ባለትዳር ሴት ገብታ ብትታይ ሰፈሩ ሌላ ሥራ አይኖረውም። እሷ ኩሽና ትገባለች፣ እኔን ውጭ በር ላይ ታስቀምጠኛለች።

«ሰው ከመጣ ዘፈን ዝፈኚ» ትለኛለች።

«ምን ዓይነት ዘፈን?»

«ትምህርት ቤት ያስተማሩሽን። ጮክ ብለሽ።»

ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልታዘዝኩም። ዞሬ ከጓሮው መስኮት ሥር እቀመጥና አዳምጣለሁ።

«ሁለት፣ አንተ ዝቅ በል» ይላል ረጋሳ።

«ከዚህ በታች ከወረድኩ የምገባው ጉድጓድ ነው» ይላል ሙለታ በሹክሹክታ።

«አራት ትቸኩላለች።»

«የገበያ ሴት ነኝ መምህር። እኔ ካልቸኮልኩ ዝንጅብሉ ይደርቃል።»

ከዚያ ከትንኝ ድምፅ ትንሽ ጎላ ያለች፣ ጥርት ያለች አንዲት ድምፅ ትሰማለች። ቀጥላ ሌላ። ከዚያ ረጋሳ፣ «አምስት ሰማች?» ይልና ግድግዳውን አንዴ በጣቱ አንጓ ይመታል። ከሆነ ቦታ አንዲት ምት ትመለሳለች።

በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩ ግልጽ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ጠላት ከውጭ አገር ጋር በሽቦ እንደሚነጋገር፣ እርስ በርሱም በስም እንደማይጠራራ ተነግሮናል። እነዚህ ሰዎች ስም የላቸውም፤ ቁጥር ናቸው። አምስት ደግሞ እዚህ የሌለች፣ በሽቦው ማዶ ያለች ሴት ናት። አለቃቸው መሆን አለባት። ሙለታ ጠቅልሎ የሚያመጣው ነገር ምን እንደሆነ ባላውቅም ቦምብ ለመሆን ክብደቱ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገርኩም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ መናገር ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ። አንድ ሰው ተናግሮ፣ ከጣሪያው ሥር በተገኘ አንድ ወረቀት የጎረቤታችን አባት ተጠርቶ ሄደ። ሚስቱ ለሦስት ወር ስንቅ አመላለሰች፤ ከዚያ ስንቁን መልሰው ሰጧት። እኔን ያስጨነቀኝ ረጋሳ አልነበረም፤ ቤቱ የእናቴ መሆኑ ነው።

ጭንቀቴን ያባሰው አንድ ቅዳሜ ያየሁት ነው። ውኃ ጠምቶኝ ኩሽና ገባሁ። እናቴ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት መዳፏን ጭቃው ላይ ለጥፋ ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። እያለቀሰች መሰለኝ።

«እማ፣ ማል ታቴ?» አልኳት፤ ምን ሆነሽ ነው? ቤት ውስጥ ስንሆን ኦሮምኛ ነው የምናወራው፤ ስንፈራ ደግሞ በተለይ።

ብንን አለች። «ጨሊሲ» አለችኝ፤ ዝም በይ። «ራሴን አሞኝ ነው። ግድግዳው ይቀዘቅዛል።»

ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ረጋሳ አለ። ይህ ሰው እናቴን አንድ ነገር እያደረጋት ነው አልኩ። ወይ ያሳስራታል፣ ወይ ይወስድብኛል። የቱ እንደሚብስ መወሰን አልቻልኩም ነበር።

ትንሿ ልጄ ዱሬቲ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት። ባለፈው ክረምት ቤት መጥታ ስታጠና አንድ ቃል ደጋግማ ስትል ሰማኋት፤ ሃርሞኒክ። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ልጆቼ የሚያነቡት ነገር አደጋ እንዳለው ወይም እንደሌለው ማወቅ እወዳለሁ።

«ሙዚቃ ውስጥም አለ፣ ሒሳብ ውስጥም አለ፣ ፊዚክስ ውስጥም አለ። የቱን ልንገርሽ?»

«ሁሉንም።»

ሳቀችና ደብተሯ ላይ አንድ ክር ሣለች። የተወጠረ ክር ዝም ብለሽ ብትመቺው ሙሉ ድምፁን ያወጣል አለች። እመካከሉ ላይ ጣትሽን ላይ ላዩን ብታሳርፊ ግን፣ ሳትጫኚ፣ ቀጭን ድምፅ ይሆናል። ሲሶው ላይ ብታሳርፊ ይበልጥ ይቀጥናል፤ ሩቡ ላይ፣ አንድ አምስተኛው ላይ እንደዚያው። ጣትሽ ያረፈበት ቦታ አይንቀጠቀጥም፤ እዚያ ጸጥ ስላለ ነው ሌላው የሚዘምረው። ከዚያ ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ካልሽ ግን ድምፅ የለም፤ ጥፍ ይላል፣ ያበቃል። «አራቱን ድምፆች አንድ ላይ ብታሰሚያቸው ደግሞ ይስማማሉ» አለች፤ «ሙዚቀኞች የሚፈልጉት ያንን ነው።»

ብድግ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ልብስ ላወርድ ነው አልኳት። የተሰጣ ልብስ አልነበረም።

እንግዲህ ያን ዓርብ፣ ረጋሳ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ፣ በመስኮት ገባሁ። ሽቦውን ልበጥሰው ብዬ አሰብኩ፤ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። ወረቀቱን ግን ሁለት ጣት ያህል ወደ ቀኝ ብገፋው ማንም አያውቅም። ምልክቱ ከተሳሳተ ጥሪው ይሳሳታል፤ አምስት ዝም ስትላቸው ይሰለቻቸዋል፤ ይበተናሉ፤ እናቴም ግንባሯ ያርፋል። በምራቄ አርሼ ላጥኩት፣ ከኩሽና ባመጣሁት ዱቄት ለጠፍኩት።

በማግስቱ ሦስቱም ክፍሉ ውስጥ ሲሆኑ፣ ሽቦው ገና ሳይነካ፣ የውጭው በር ተንኳኳ። ዘፈን አልዘፈንኩም፤ ከመስኮቱ ሥር ነበርኩ። እናቴ ከፈተች። የገባው ኦቦ ዲንሳ ነው፤ የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ፣ ቀኑን ሙሉ መፋቂያ ከአፉ የማይጠፋ ሰው። ከኋላው ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ጥበቃ አለ። ዲንሳ ከሳምንት በፊት መንገድ ላይ እናቴን አስቁሞ፣ «አዴ ድንቅቱ፣ ተከራይሽ እንዴት ያለ ሰው ነው?» ሲላት፣ «ይከፍላል፣ ይተኛል። ሌላውን አላውቅም» ስትለው ሰምቻለሁ። ስለዚህ ለምን እንደመጣ የማውቅ መሰለኝ። ስለ ሽቦው ሰምቷል አልኩ።

የመጣው ግን ስለ ሽቦ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት አድጌ ነው። ያን ቀን ሳይታሰብ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ገብቶለት፣ ሰዉ ተሰልፎ፣ የሚዛኑ የአምስት ኪሎ ብረት ጠፋ። ሙለታ ሁልጊዜ ቅዳሜ ሱቁ ሲዘጋ ብረቱን ይወስድና ሰኞ ጠዋት ይመልሰዋል። ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚመጣው እሱ ነው፤ ሽቦውን የሚወጥረው ክብደት። አንዱ ሰልፈኛ ሙለታ ወደኛ ሲያቀና አይቶት ነበር።

ዲንሳ የጓሮውን ክፍል ከፈተ። እኔም ተከትዬ በእናቴ ቀሚስ ሥር አጮለቅሁ። ቦጋለች አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ሙለታ ጣሪያው ሥር ጎብጦ ቆሟል። ብረቱ ከሽቦው ጫፍ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል።

«ይኸውላችሁ አምስት ኪሎዬ» አለ ዲንሳ። «ሰዉ ስኳር አጥቶ ይጨቃጨቃል፣ ብረቴ እዚህ ዥዋዥዌ ይጫወታል።»

ጥበቃው ግን ብረቱን ሳይሆን ሽቦውን ነው ያየው። «ጓድ ዲንሳ፣ ይሄ የሬዲዮ ነገር ነው» አለ።

ዲንሳ ትንፋሹን ሳበ። አሁን ሳስበው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ብረቱን አንሥቶ ይሄድ ነበር። ምስክር ፊት ግን አንዴ የተባለ ነገር አይመለስም።

«ምንድን ነው ይሄ መምህር?»

«የትምህርት መሣሪያ ነው። ሶኖሜትር ይባላል። ስለ ድምፅ ሳስተምር…»

«አሳየና።»

ረጋሳ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። እንዳይሳሳት ዓይኑን ከወረቀቱ አልነቀለም። «እዚህ እግማሹ ላይ ጣት ስናሳርፍ» አለና አሳረፈ፣ በሌላው እጁ ሽቦውን መታ። ጥፍ አለ። ደገመው። ጥፍ። «ሲሶው ላይ» አለ። ጥፍ።

«መሣሪያህ ዲዳ ነው» አለ ዲንሳ።

«እንዲህ ሆኖ አያውቅም…»

«ለሌላ ሰው ነው የሚናገረው፣ ለኛ አይናገርም» አለ ጥበቃው፤ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ወረቀቱ መጥፎዎቹን እንዲያሰናክል ነበር የፈለግኩት፤ አሰናከላቸው። ነገር ግን የረጋሳን ፊት ሳየው የጎረቤታችንን አባት ፊት ሆነብኝ። ወረቀቱን እኔ ነኝ ያዛወርኩት ማለት ነበረብኝ። በዚያ ፈንታ የእናቴን ቀሚስ አጥብቄ ያዝኩ።

ያኔ እናቴ ቀሚሷን ከእጄ አስለቅቃ ገባች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ረጋሳን ገለል አድርጋ፣ ወረቀቱን ሳታይ፣ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ሽቦው ላይ አንሸራተተችና አንድ ቦታ አቆመች። መታችው። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ወደ ዳር ሄደች፤ ሌላ። ሌላ። የመጨረሻዋ በጣም ቀጭን ነበረች፤ የጠረጴዛው እግር ሁሉ አብሯት የዘመረ መሰለኝ። አራቱ ድምፆች ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ቆዩ።

ዲንሳ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«ወረቀቱ ነው የተንሸራተተው» አለች እናቴ። «ሽቦው ደኅና ነው።»

«አንቺስ ከወዴት አወቅሽው? ተከራዩን አላውቀውም ስትዪኝ አልነበር?»

«ቤቱ የኔ ነው ኦቦ ዲንሳ። ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የምጠርገው።»

ዲንሳ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ሙለታን፣ «ብረቱን ፍታና ወደ ሱቅ» አለው። ረጋሳን፣ «አንተ ሣጥንህን ተሸከምና ቀበሌ እንሂድ። ሊቀመንበሩ ይየው» አለው። ሽቦው ክብደቱን ሲያጣ ተጠቅልሎ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። ሄዱ። ቦጋለች ነጠላዋን አስተካክላ በጓሮው አጥር ወጣች፤ ስታልፍ ራሴን ዳሰስ አድርጋ፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ፤ ያንቺስ በር ጠብቂ ተብለሽም ለሰፈሩ ዘመድ አልሆነ» አለችኝ።

ጸሎት ቤታችን በዚያን ጊዜ በመንግሥት ከታሸገ ሁለት ዓመቱ ነበር። መዝሙር የተጻፈባቸው ደብተሮች ተሰብስበው ተወስደዋል። የቀረው በአራት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ድምፅ። አንዱ ከረሳ ዝማሬው ያነክሳል። ስለዚህ ረጋሳ ከሽቦው ላይ አጥር የማያልፉ አራት ቀጫጭን ድምፆች ያወጣላቸዋል፤ እነሱ ከዚያ ተነሥተው በትንፋሽ ብቻ ይዘምራሉ። የሽቦው ድምፅ በሣጥኑ፣ በጠረጴዛውና በጭቃው አልፎ ኩሽና ይደርሳል፤ የሚሰማው ግን በጆሮ ሳይሆን በግንባር ነው። ይህንንም ዱሬቲ ነች ያስረዳችኝ፤ ድምፅ ከአየር ይልቅ በግድግዳ ይሮጣል አለች። በዚያን ቀን ግን ከዚህ ውስጥ አንዱንም አላውቅም ነበር። እናቴ ሽቦውን እንደ ባለሙያ ስትነካው አይቻለሁ። እሷም ከነሱ ናት ብዬ ደመደምኩ።

መሸ። ጎረቤት በሩን መዝጋት ጀመረ። እናቴ ኩራዝ አብርታ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው፤ ቁልፉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ታኢ» አለችኝ፤ ተቀመጪ። እጄን ስባ ወደ ኩራዙ አስጠጋችው። ጥፍሬ ሥር የደረቀውን ዱቄት በአውራ ጣቷ ፈቅፍቃ አወጣችው። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ጣት። ምነው በመታችኝ ብዬ ነበር።

«ለምን?» አለች በመጨረሻ።

«አምስትን ፈርቼ።»

«ማንን?»

«አምስትን። በሽቦው ማዶ ያለችውን።»

እናቴ ፊቷ ሊስቅ ዳድቶት ተመለሰ። «ኢንተላ ኮ» አለች፤ የኔ ልጅ። «አምስት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን አልፈራሁም። ዱሬቲ የሒሳቡንም ነግራኛለች። አንድን፣ ግማሽን፣ ሲሶን፣ ሩብን፣ አንድ አምስተኛን እየደመርሽ ሂጂ፤ የምትጨምሪው ነገር እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል፤ ድምሩ ግን ወሰን የለውም አለችኝ። ትንሽ እየጨመርሽ የትኛውንም ቁጥር ታልፊያለሽ። እሷ ገርሟት ነው የነገረችኝ። እኔ አልገረመኝም። አመሻሽ ላይ በር እያየ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። የመጀመሪያው ፍርሃት ትልቅ ነው። ቀጥሎ ውሻ ይጮኻል፣ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፣ ኩራዙ ይርገበገባል፤ እያንዳንዱ ካለፈው ያንሳል፤ ማለቂያ ግን የለውም።

ኮቴ ተሰማ። ከባድ ኮቴ፣ ስለዚህ የረጋሳ አይደለም። በሩ ተገፋና ዲንሳ ደፉ ላይ ቆመ። አምስትን ሊወስድ መጣ አልኩ። የእናቴን ቀሚስ በሁለት እጄ ጨመደድኩ።

ከኋላው ረጋሳ ብቅ አለ። ሣጥኑን አቅፏል፤ ሽቦው የለም። ማንንም ሳያይ በግቢው አቋርጦ ወደ ክፍሉ ሄደ።

«ሊቀመንበሩ መሣሪያውን አየው፤ ሽቦውን አስቀረው» አለ ዲንሳ። «አሳየሁት። አንቺ እንዳሳየሽን አድርጌ።»

«ሙለታስ?» አለች እናቴ።

«ስኳር ሲመዝን አመሸ። ብረቱ ከጆንያ ሥር ነው የተገኘው፤ እንዲያ ነው የተጻፈው። ቤቱ ገብቷል።»

«ቦጋለችስ?»

«የቷ ቦጋለች? እኔ እዚህ ቤት ሌላ ሴት አላየሁም።»

ይዋሻል አልኩ በልቤ። አልጋው ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነበር። የሚዋሽ ጥበቃ ደግሞ ከማይዋሸው የባሰ ነው። ስጦታው ሁሉ በዚያ ውሸት ውስጥ እንዳለ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1983 መንግሥት ተለውጦ ዲንሳ በተራው ሲታሰር፣ ጸሎት ቤታችንም ተከፍቶ አራቱ ቆመው በዘመሩበት በዚያው ወር፣ እናቴ ስንቅ ታመላልስለት ጀመር። ምን አድርጎልሽ ነው ብላት፣ «ጆሮ ነበረው» ብቻ አለችኝ።

ያን ምሽት ግን ዲንሳ መፋቂያውን ወደ አፉ እየመለሰ፣ «አዴ ድንቅቱ» አለ። «በርሽን ቆልፊ። ዛሬ የሚዞሩት የኔ ልጆች አይደሉም።»

ማስፈራሪያ ነው የመሰለኝ። እስር ቤት ሊያስገባን መሰለኝ።

ከሄደ በኋላ እናቴ ወዲያው አልቆለፈችም። እጄን ይዛ ኩሽና ገባች፣ ግንባሬን በመዳፏ ግድግዳው ላይ ገፋችው። ጭቃው ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከወዲያ ማዶ፣ ያለ ሽቦ፣ የሰው ጉሮሮ ውስጥ የታፈነች አንዲት ድምፅ አጥንቴ ውስጥ ገባች።

«ሦስት ነው» አለች እናቴ በሹክሹክታ። ከዚያ እንደምትቆጥር ሆና፣ «ሁለት ገብቷል። ሦስት ገብቷል። አራትን ማንም አላያትም። አምስት እዚህ ነች።»

ወደ በሩ ተመለሰች። ገፋችው፤ ቁልፉን አገባች፤ ሁለት ጊዜ አዞረችው።